ባምፐር ላሜራ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ ባምፐርን ግቢ ውስጥ ራስ ሠርቶ ማስተካከል እየተለመደ መጥቷል። በመኪና አካልና ቀለም ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን አንቃወምም። ሁለት ቀን ጊዜና ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን ሥራ ራሱ ሊወጣው ይችላል። የሚያሳስበን አሠራሩ እንዳለ ከላሜራ የተወሰደ መሆኑ ነው። በርና ኮፈን ላይ የጎደለውን ለመሙላት የሚለጠፈው ስቱኮ በዚያው በለመደው መንገድ ባምፐር ላይ ይለጠፋል። ቀለም የተቀባ ዕለት ያምራል። ከዚያ ቆሞ ሳለ ሌላ መኪና ነካ ሲያደርገው ወይም አንድ ክረምት ሲያልፍበት፣ ስቱኮው ከነቀለሙ ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ባለመኪናውም «ስቱኮው ፎርጂድ ነው» ብሎ ሱቁን ይወቅሳል። ብዙውን ጊዜ ስቱኮው ምንም አላጠፋም፤ የማይሆነው ቦታ ላይ ነው የዋለው።

መንገድ ላይ በብዛት የምናያቸው ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ዲዛየር ባምፐራቸው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ቶሎ እንዳይሰበር የጎማ ዘር፣ ቅርጹን እንዲይዝ ደግሞ የታልክ ዱቄት ይገባበታል። ደጅ የምንቀመጥበት የፕላስቲክ ወንበር የዚሁ ቤተሰብ ነው። የተሰበረ ወንበር በማስቲሽ ለማጣበቅ የሞከረ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቀዋል፤ ባምፐሩም እንደዚያው ነው፣ ላዩ ላይ የሚያርፍበትን ነገር በቀላሉ አይዝም። በዚያ ላይ ሲገፉት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የላሜራ ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። አንዱ ሲጎብጥ ሌላው እምቢ ካለ መገናኛቸው ይላቀቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የያዙትን ፕላስቲክ ማወቅ ነው። ባምፐሩ ሲወርድ በጀርባው በኩል፣ በሁለት ቀስት መሳይ ምልክቶች መካከል፣ ጎበጥ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት ይገኛሉ። «ፒፒ» ወይም «ፒፒ+ኢፒዲኤም» የሚል ከሆነ ያው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከጎኑ «ቲ20» ካለ 20 በመቶው ታልክ ነው ማለት ነው። ቶዮታዎች ላይ «ቲሶፕ» የሚል ይገኛል፤ ይህም ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የዚሁ ዘር ፕላስቲክ ነው። «ፒዩአር» የሚል ከሆነ ግን ፖሊዩሬቴን ነው፤ አይቀልጥም፣ ስለዚህም በሙቀት አይበየድም። ጽሑፉ ከጠፋ የማይታይ ጠርዝ ላይ በ180 ቁጥር ካርታ ቢትራ (የብርጭቆ ወረቀት) ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። ፖሊዩሬቴን ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ፖሊፕሮፒሊን ፀጉር ያወጣል፣ ካርታ ቢትራው ላይም ይለጠፋል። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጥሎ «ከተንሳፈፈ ፒፒ ነው» የሚለው ፈተና ባልዲና ጀሪካን ላይ ይሠራል፤ ባምፐር ላይ ግን ታልኩ ስለሚያከብደው ፒፒም ሊሰምጥ ይችላል። በዚህ ብዙ ሰው ተሳስቷል።

ባምፐሩን ሳያወርዱ መሥራት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ አይቆጥብም። ስንጥቅ የሚጠገነው ከጀርባ ነው። አብዛኞቹ ላይ ያሉት ጥቂት 10 ቁጥር ብሎኖች፣ ከሥርና ከጎማው በላይ ባለው ሽፋን ላይ ያሉ የፕላስቲክ ክሊፖች፣ ከዚያም ከፓራፋንጎው ጋር የሚይዙት የጎን መያዣዎች ናቸው። ጎኑ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ፊት አይጎተትም፤ ወደ ፊት የጎተተ ሰው የመያዣውን ጥርስ ይሰብራል። የፎግ ላይቱን ሶኬት መንቀልም መርሳት የለበትም። ባምፐሩ ከወረደ በኋላ ከኋላው ያለውን ፎምና የብረት አግዳሚ ማየት ያስፈልጋል። ግጭትን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፤ ፕላስቲኩ ልብስ ነው። አግዳሚው ከተጣመመ ወይም ፎሙ ከተሰባበረ ልብሱን ማሳመሩ ይቆይ።

ጽዳት ላይ ያለው ስሕተት ቤንዚን ነው። ቤንዚን ቆሻሻ ያወጣል፣ ግን የራሱን የቅባት ቅሪት ትቶ ይሄዳል፣ ፕላስቲኩም ውስጥ ይሰርጋል። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሲደርቅ በሰም ማስለቀቂያ ወይም በአይሶፕሮፒል አልኮል ይወለወላል። ሁለት ጨርቅ ያስፈልጋል፦ አንዱ ርጥብ፣ ሌላው ደረቅ። በርጥቡ የረሰረሰው ሳይደርቅ በደረቁ ይጠረጋል፤ በራሱ እንዲተን ከተተወ ሰሙ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ከመፋቅ በፊት ነው። ሳይጸዳ የተፋቀ ባምፐር ሰሙ በየጭረቱ ውስጥ ስለሚቀበር ከዚያ በኋላ ማውጣቱ ከባድ ነው።

ባምፐሩ ወደ ውስጥ ከገባ እንጂ ካልተሰነጠቀ ስቱኮ አያስፈልገውም። የፈላ ውሃ ቀስ ብሎ ሲፈስበት ይለሰልሳል፤ ከጀርባ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ (ጨርቅ ተጠቅልሎበት) ወደ ውጭ መግፋት፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ጨርቅ ማርጠብ ነው። ሙቅ አየር የሚነፋ ማሽን ካለ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሳይጠጉ፣ አንድ ቦታም ሳይቆሙ ማዟዟር። ፕላስቲኩ መብለጭለጭ ከጀመረ በቃ፤ ከዚያ ካለፈ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ የሆነ ደግሞ አይመለስም።

ስንጥቅ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፣ እዚህ ጋ ረዘም ብለን እንሄዳለን። ስንጥቁ ያለቀበትን ጫፍ ፈልጎ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ መብሳት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ካልተበሳ ጥገናው ካለቀ በኋላም ስንጥቁ ጉዞውን ይቀጥላል። ሁለቱ ጠርዞች ከፊት በኩል ገጥመው በላስቲክ ቴፕ ይያዛሉ። ከጀርባ በኩል መስመሩ ላይ «ቪ» የመሰለ ቦይ ይከፈታል፤ ባምፐሩ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቦዩ ከግማሹ ትንሽ ቢያልፍ ይበቃል። ቦዩ በቀለጠ ፕላስቲክ ይሞላል፣ በላዩም የማይዝግ ብረት ወንፊት ይቀበራል። የተበላሸ የሻይ ማጥለያ ወንፊት ለዚህ ጥሩ ነው። ጥቁር ሽቦ ግን ዝጎ ስለሚያብጥ ከጊዜ በኋላ በቀለሙ ላይ ይወጣል፤ ባምፐርን በሽቦ መስፋት የምንጠላው ለዚህ ነው።

የሚቀልጠው ፕላስቲክ ከየት ይምጣ? ብዙ ሰው ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ቆርጦ ያቀልጣል። ጀሪካኑ ፖሊኢቲሊን ነው፤ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ጎን ለጎን ይቀልጣል እንጂ አይዋሐድም። ሲቀዘቅዝ የተያያዘ ይመስላል፣ በጥፍር ሲነሣ ግን እንደ ልጣጭ ይወጣል። የሚሆነው ከተጣለ ባምፐር፣ በጀርባው ላይ ያው ጽሑፍ ካለበት፣ በ5 ሚሊ ሜትር ስፋት የተቆረጠ ቁራጭ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሶማሌ ተራ የተሰባበረ ባምፐር አይጠፋም። ያም ካልተገኘ ከራሱ ከባምፐሩ የማይታይ የታች ከንፈር ላይ ቀጭን ቁራጭ መውሰድ ይቻላል፤ ከዚህ የሚበልጥ ዝምድና የለም። በስታኞ ማቅለጫው ሲሠራ ቁራጩም ቦዩም አብረው መቅለጥ አለባቸው። ቁራጩን ብቻ አቅልጦ ቀዝቃዛ ቦይ ላይ ማፍሰስ ሰም ማንጠብጠብ ነው። ጭስ ካወጣ ደግሞ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ኃይሉ ይቀነስ። ጀርባው ከበረደ በኋላ ፊቱም እንዲሁ ይደረጋል፣ ያን ጊዜ ግን ያለ ወንፊት።

ለታርጋ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳም እንዲሁ ነው። በስቱኮ ከተደፈነ አንድ ቀን በአውራ ጣት ሲገፋ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ቀዳዳው ከሁለቱም ፊት በትልቅ ፑንታ አፉ ትንሽ ይሰፋል፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ሲሞላ እንደ ሪቬት ከፊትም ከኋላም ራስ ያወጣል። የባምፐሩን መስመሮች ወይም 33 በ16.5 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የጃፓን ታርጋ ማረፊያ ደፍነው ወጥ ፊት ማውጣት የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። ከ2 ሚሊ ሜትር የጠለቀ ነገር በስቱኮ አይሞላም። ከሌላ ባምፐር ተቆርጦ በልኩ የተስተካከለ ጠፍጣፋ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ይያዛል፣ ከዚያ ዙሪያውን ይበየዳል፣ ስቱኮው ለመገጣጠሚያው ብቻ ይሆናል። የታችኛውን የአየር መግቢያ ግን ለውበት ብሎ መዝጋት የለም። ራዲያተሩ የሚተነፍሰው በዚያ ነው።

አሁን ስቱኮ። ጣሳው ላይ «ለፕላስቲክ» የሚል መኖር አለበት፤ ይህኛው ሲደርቅም ትንሽ ይተጣጠፋል። ከመለጠፉ በፊት ዙሪያው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በ180 ይፋቃል፣ የአሮጌው ቀለም ጠርዝ በእጅ ሲነካ ደረጃ እንዳይኖረው እስኪሳሳ ድረስ። ሸካራው 80 ቁጥር ካርታ ቢትራ ፕላስቲክ ላይ አይነሣ፤ ፀጉር ያወጣበታል፣ ያ ፀጉር በቀለሙ ውስጥ ቆሞ ይታያል። የወጣ ፀጉር ካለ በምላጭ ይላጫል። ጥሬ ፕላስቲክ የታየበት ቦታ ላይ ማያያዣ የሆነው ግልጽ የፕላስቲክ ፕራይመር በስሱ ይነፋል። እዚህ ላይ አንድ ርካሽ ፈተና እንመክራለን፤ ባምፐሩ ጀርባ ላይ፣ ልክ ፊቱ እንደተዘጋጀው ተዘጋጅቶ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስቱኮ ይለጠፍ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠርዙ ይጎበጥ፣ በቢላ ጫፍም ይፈልቀቅ። ፍርክስ እያለ ከተነሣ ጥሩ ነው። እንደ ቅርፊት ሙሉ ሆኖ ብድግ ካለ ፕራይመሩ ወይም ጽዳቱ ላይ ችግር አለና ፊቱ ላይ መለጠፍ ከንቱ ነው።

ስቱኮውን የሚያደርቀው ሀርድነር እንደየጣሳው መመሪያ ሆኖ ባብዛኛው በክብደት 2 በመቶ ነው። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ስቱኮ 90 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሀርድነሩ 2 ግራም አይሞላም። ትንሽ ሚዛን መግዛት ከሁለተኛ ጥገና ይረክሳል። «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማብዛት በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። የተረፈው ሀርድነር ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ወይም ሮዝ እድፍ ያወጣል፣ ስቱኮውንም ተሰባሪ ያደርገዋል። ከጎደለ ደግሞ ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። ካርቶን ላይ መደባለቅም መቅረት አለበት፤ ካርቶን የስቱኮውን ፈሳሽ ይመጥጣል፣ የራሱንም ብናኝ ይሰጠዋል። የመስታወት ቁራጭ ወይም ንጹሕ ቆርቆሮ ይበቃል። በእስፓቱላ እያጠፉ መጫን እንጂ እንደ ቡላ ማማሰል አይደለም፤ ማማሰል አየር ያስገባል፣ አየሩ በኋላ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ይሆናል። የሀርድነሩ ቀይ መስመር ጠፍቶ ቀለሙ አንድ ሲሆን አልቋል።

በ20 ዲግሪ ሙቀት ከዚያ በኋላ ለመለጠፍ ያለው ጊዜ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከዚያም ያጥራል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ጨርሶ አይደርቅም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው፣ በጥላ ሥር። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ላዩ ቶሎ ተዘግቶ ውስጡ ይታፈናል። የመጀመሪያው ድርብ በስሱ፣ እስፓቱላውን ጫን ብሎ፣ ወደ ጭረቱ ውስጥ የሚገባ ይሁን። ሁለተኛው ቅርጽ ይሰጣል። ጠቅላላው ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ብየዳው በደንብ አልተሠራም ማለት ነው። የተረፈ ድብልቅ በራሱ ሙቀት ስለሚግል ወረቀትና ጨርቅ ካለበት ቆሻሻ መጣያ አይጨመር።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በየግቢውም ሆነ በየጋራዡ ስቱኮ በባልዲ ውሃ እየነከሩ ሲያለሰልሱ ይታያል፤ አቧራ ስለማያስነሣና ካርታ ቢትራው ቶሎ ስለማይደፈን ይወደዳል። ስቱኮ ግን ውሃ ይጠጣል። የጠጣው ውሃ በፕራይመርና በቀለም ተዘግቶበት ይቀመጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው መውጫ ፈልጎ ቀለሙን ጤፍ በሚያህሉ ፊኛዎች ያነሣዋል። ክረምት ላይ የተሠራ ሥራ በጥቅምት የሚያብጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ስቱኮ በደረቁ ብቻ ይፋቃል፣ አፍና አፍንጫ በደንብ ተሸፍኖ። ውሃ የሚፈቀደው ከፕራይመር በኋላ ነው።

የካርታ ቢትራው ቁጥር ቅደም ተከተል 120፣ 180፣ 240፣ 320 ነው። ከ120 ወደ 320 የዘለለ ሰው የ120ውን ጭረት ቀለም ከደረቀ በኋላ ያገኘዋል። ካርታ ቢትራውን በጣት ብቻ ይዞ መፋቅ ጣቶቹ ባሉበት ቦይ ያወጣል። ለጠፍጣፋው ቦታ የእንጨት ቁራጭ፣ ለጎባጣው ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ቁራጭ በጣም ይመቻል። አቅጣጫው አግድም ብቻ ሳይሆን በሰያፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከዚያም ከቀኝ ወደ ግራ እየተቆራረጠ ይሁን። ዓይን እዚህ ላይ ይዋሻል። ጥቁር ስፕሬይ ከሩቅ እንደ ጉም ነፋ አድርጎ፣ ሲደርቅ በቀስታ መፋቅ ነው፦ ጥቁሩ የቀረበት ጎድጓዳ ነው፣ ቀድሞ የጠፋበት ጉብታ ነው። መዳፍን በስስ ፌስታል ላይ አድርጎ በዝግታ ማንሸራተትም ዓይን ያላየውን ይናገራል።

ከዚህ በኋላ የቤት ሥራው ቢቆም እንመርጣለን። በስፕሬይ ጣሳ የተነፋ ፕራይመር ላይ የቀለም ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ፕራይመር ሲያርፍ ሊሸበሽበው ይችላል፤ ቀለም ቀቢም ከሥሩ ምን እንዳለ የማያውቀውን ሥራ አይወድም። በ320 ያለቀውን ባምፐር በዚያው ቀን፣ እርጥበት ሳያገኘው፣ ብቻውን ተሸክሞ መውሰድ ይሻላል። ባለ ሁለት ክፍል ፕራይመርና ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚነፋው ግልጽ ሽፋን) አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለባቸው፤ አስም ያስይዛል፣ የጨርቅና የወረቀት ማስክም አያቆመውም። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ የሚነፋ ነገር አይደለም። ለቀቢው የቀለሙን ኮድ ከበሩ አካባቢ ወይም ከኮፈኑ ሥር ካለው ጽሑፍ አይቶ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ ቶዮታ ላይ 040 ነጩ ነው፣ 202 ጥቁሩ፣ 1ኤፍ7 ደግሞ ብርማው። ብርማው ላይ ኮዱ ልክ ሆኖም ባምፐሩ ከፓራፋንጎው ሊለይ ይችላል። ውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች አተኛኛቸው እንደ አነፋፉ ስለሚለያይ ነው፤ ረጠብ ተደርጎ የተነፋው ይጠቁራል፣ ደረቅ ያለው ይነጣል። ቀቢው አስቀድሞ በቁራጭ ላይ ነፍቶ ከመኪናው ጋር እንዲያስተያይ መጠየቅ መብት ነው።

ራስ መሥራት የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። የጎን መያዣዎቹና ብሎን የሚገባባቸው ጆሮዎች ከተሰበሩ ባምፐሩ በሙሉ ቢቀየር ይሻላል። ሌላው ሴንሰር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በብዛት በመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ፣ ባምፐሩ ፊት የሚታዩት ክብ ነጥቦች የማቆሚያ ሴንሰሮች ናቸው። ከመፋቅ በፊት ይነቀላሉ፤ ቀለም ሲወፍርባቸው ይደነቁራሉ። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ደግሞ ከፕላስቲኩ ጀርባ ከውጭ የማይታይ ራዳር አላቸው። በራዳሩ ፊት ለፊት ስቱኮም ብየዳም ወንፊትም አይገባም፤ ብረቱ ሞገዱን ይመልሰዋል፣ መኪናውም የሌለ ነገር አይቶ ሊያቆም ወይም ያለውን ላያይ ይችላል።

በመጨረሻ ለዕቃ ሻጮች አንድ ጥያቄ አለን። ስቱኮ ከትልቁ ጣሳ ተቀንሶ በትናንሽ ዕቃ ሲሸጥ የላሜራ ይሁን የፕላስቲክ፣ ጊዜውም መቼ እንደሚያልፍ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ አይኖርም። እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ሀርድነሩም ከራሱ ስቱኮ ጋር ይሰጥ፤ «ያው ነው» ተብሎ ከሌላ ጣሳ የተወሰደ ሀርድነር መጠኑም ዓይነቱም ላይገጥም ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በመኪና አካልና ቀለም ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ